ከበር ዘበኝነት ወደ አራተኛ ፎቅ

ሁዳዴ ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ ሳይጠየቅ የሚጾም ነዋሪ አለ። የቅበላው ግርግር ሲያበቃ ሉካንዳ ቤቶች ይዘጋሉ። ደጃፋቸው ተኮልኩለው ቅንጣቢ ሲጠብቁ የከረሙት ውሾችም ሁለት ሦስት ቀን እየተመላለሱ የተዘጋውን በር አሽትተው ይመለሳሉ። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ ይህን የነገራቸው የለም።

ቤቱ ውሻ ያለው ሰው ግን ቀኑን ቆጥሮ ይዘጋጃል። በቅበላ ሰሞን ለክትፎና ለጥብስ ከተሰለፈው ሰው መሀል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የውሻ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ሥጋ ሻጩ ነገሩ ገብቶታል፤ ሳንባውን፣ የጉሮሮ ቁራጩን፣ ሰው የማይወስደውን ጅማት በፌስታል አጭቆ ያቀብላል። እኛም ቤት ፍሪጁ በዚያ ሰሞን በሳንባ ይሞላል። ፋሲካ ሳይደርስ ካለቀ ወደ ሙስሊም ሉካንዳ መሄድ ነው። እዚያም እንደኔው ፌስታል ይዞ «የማውቀው ሰው ባላየኝ» እያለ ግራ ቀኝ የሚቃኝ ጾመኛ ይገጥመኛል፤ ሰላምታችን አጭር ነው።

ጾማችን ለአውሬም እንደሚተርፍ በጥናት ታይቷል። በትግራይ ተካሂዶ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ምርምር የጅብ ኩስ እየሰበሰበ በውስጡ ያለውን ጠጉር ይለይ ነበር። ከጾሙ በፊት የአህያ ጠጉር የተገኘበት ኩስ 15 በመቶ ገደማ ሲሆን በሁዳዴ ግን ወደ 33 በመቶ ገደማ አሻቀበ። የከብትና የበግ ትርፍራፊ ሲጠፋ ጅቡ አህያ ማደን ያዘ፤ ፋሲካ አልፎ ሥጋው ሲመለስ አደኑም ቀነሰ። ጅብ ሲቸግረው ያድናል። ውሻ ግን ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ቢያንስ 14 ሺህ ዓመት አልፎታል፤ ሲርበው የሚያየው የእኛን እጅ ነው።

የእኛ ውሻ መቻል ይባላል። የሀገር ውሻ ነው፤ ቡናማ፣ ጠጉሩ አጭር፣ ጅራቱ ወደ ላይ የተጠቀለለ፣ በየሰፈሩ የምታዩት ዓይነት። «ዘሩ ምንድን ነው?» ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች «የሀገር ነው» ስላቸው ያዘኑልኝ ይመስላሉ። ዛሬ ውሻ የሚገዛ ሰው የሚፈልገው ወይ ጀርመን ሸፐርድ ነው፣ ወይ ጠጉሩ የተንዠረገገ ትንሽ የፈረንጅ ውሻ። በአስፋልት ዳር በካርቶን የሚሸጡትም እነሱ ናቸው፤ ወይም እነሱ ናቸው ተብለው የሚሸጡት። መቻል ግን አልተገዛም። ከብሎካችን ጀርባ፣ ከግንባታ የተረፈ የሲሚንቶ ቱቦ ውስጥ ከተወለዱት አንዱ ነው። ልጆቹ ይዘውት መጡ፤ «ለዛሬ ብቻ» አሉ። ለዛሬ ብቻ ተብሎ የገባ ውሻ እንደማይወጣ ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቃል።

እኔ ባደግሁበት ግቢም ውሻ ጠፍቶ አያውቅም። ቤታችን ግን አልገባም። መኖሪያው በበሩ አጠገብ የቆመች የቆርቆሮ ጎጆ ነበረች፤ ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፣ ሲመሽ ይፈታል። ስሙ የሚጠራው ወይ ሲጮህ ዝም እንዲል ነው፣ ወይ የእራት ትራፊ ሲደፋለት። የነካው ልጅ «እጅህን ታጠብ!» ይባላል። እንግዳ ከበር ቆሞ «ውሻችሁ ክፉ ነው?» ሲል «ኧረ በጣም!» ብሎ መመለስ ኩራት ነበር። እንዲያውም ክፉ ያልሆነ ውሻ ያለው ቤትም ቢሆን በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብሎ ይጽፋል።

ያንን ኑሮ የቀየረው ለውሻ የነበረን ፍቅር መጨመሩ ብቻ አይመስለኝም፤ የቤቱ አሠራር ነው። ኮንዶሚኒየም ከ1990ዎቹ መጨረሻ (እንደኛ አቆጣጠር) ወዲህ ከተማውን ሲሞላው ግቢ ቀረ፣ በር ቀረ፣ ጥበቃውንም ብሎኩ በደመወዝ ቀጠረ። ውሻው ሥራ ፈታ። ይጠፋል ሲባል ግን ደረጃውን ወጥቶ ሳሎን ገባ። ሳሎን የገባ ውሻ በዚህ አገር አዲስ አይደለም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የምትባል ትንሽ ውሻ ነበረቻቸው፣ ከእግራቸው ሥር አትጠፋም ነበር። አዲሱ ነገር ቤተ መንግሥት የነበረው ልማድ ወደ ባለ አንድ መኝታ ቤት መውረዱ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ውሻው አራተኛ ፎቅ ደርሷል፤ ስለ ውሻ የምናውቀው ነገር ግን አብዛኛው አሁንም በር ላይ እንደታሰረ ነው።

ከንጋቱ 11 ሰዓት አለፍ ሲል እርጥብ አፍንጫ እጄን ይነካኛል። አይጮህም፤ መጮህ እንደማያዋጣ ተምሯል። ማሰሪያውን ካነሳሁ ወዲያ ግን ሰውነቱ ሁሉ ጅራት ይሆናል። ደረጃው ላይ ማሽተት ይጀምራል። ሦስተኛ ፎቅ ያለው በር ሥር ቆም ይላል፣ ሁለተኛው ላይ የአንዱን ጫማ ይመረምራል፣ ምድር ቤት ስንደርስ የግንቡን ጥግ ረጅም ጊዜ ይወስድበታል። ለእኔ ያው የትናንቱ ግንብ ነው። እሱ ግን አፍንጫው ውስጥ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሽታ ተቀባይ ሕዋስ አለው፤ የእኛ 5 ሚሊዮን ገደማ ነው። አፍንጫውን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ጎንና ጎኑ ላይ ስንጥቅ አለው፤ የሚያስወጣው አየር በዚያ በኩል ስለሚወጣ ከፊት የሚገባውን ሽታ አይበትንበትም። እንዲህ ስላለው እንስሳ «ቶሎ በል፣ ሽንትህን ሽናና እንግባ» ማለት ግፍ ነው። ብዙዎቻችን የምንለው ግን ይህንኑ ነው። ውሻ የሚደክመው በሩጫ ብቻ አይደለም፤ በማሽተትም ነው። እያቆምኩ ያስሸተትኩት ቀን ቤት ገብቶ ይተኛል፤ አስሩጬ የመለስኩት ቀን የሶፋውን ጫፍ ያኝካል።

በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የምንገናኘው የታወቀ ሰው ነው። ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ እናቶች አሉ፤ ከሱብሒ ሶላት የሚመለሱ አዛውንት ጎረቤታችን ሐጂ አሉ። ሐጂን ሳይ ማሰሪያውን አሳጥሬ መቻልን ወደ ግንቡ በኩል አዞረዋለሁ። በእስልምና ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከእነዚህም አንዱን በአፈር ይታጠባል፤ ልብሳቸውን ምራቅ ቢነካው ሶላት ሊሰግዱ ሲሉ ችግር ነው። እሳቸው ግን በውሻው ተቀይመው አያውቁም። «እንዴት አደራችሁ?» ይላሉ በብዙ ቁጥር፣ እሱንም ጨምረው። አንድ ማለዳ ቆም ብለው «የኛም መጽሐፍ ውስጥ ውሻ አለኮ» አሉኝና ስለ ዋሻው ሰዎች ነገሩኝ። ሱረቱል ካህፍ ላይ ወጣቶቹ ዋሻ ውስጥ ለዘመናት ሲተኙ ውሻቸው ደጃፉ ላይ እግሮቹን ዘርግቶ አብሯቸው ነበር። ለአደን የሠለጠነ ውሻ ይዞ ያመጣው እንዲበላም ቁርኣን ይፈቅዳል።

ከእኛም በኩል ቢሆን ውሻ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ መቻል ከቅጥሩ ውጭ ይቆማል፣ እኔም ከእሱ ጋር ከውጭ ተሳልሜ አልፋለሁ። ነገር ግን በእኛ ቀኖና ከ81ዱ የሚቆጠረውን መጽሐፈ ጦቢትን የከፈተ ሰው ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው አብሮ እንደሄደ ያነባል። ድሃው አልዓዛር በባለጠጋው ደጅ ሲወድቅ ቁስሉን የላሱለትም ውሾች ናቸው። ሰው ያልደረሰለትን ማለት ነው። «ሃይማኖት አይፈቅድም» ብለው ክርክሩን ለሚዘጉ ሰዎች ይህን እላለሁ፤ የተከለከለውም የተፈቀደውም ቦታ ቦታው ተለይቶ ተቀምጧል። በጉርብትና ግን ጨዋነቱ ያለው ባለውሻው ላይ ነው። ደረጃ ላይ መጀመሪያ መንገድ የሚለቀው እሱ ነው፤ ኩሱንም በፌስታል የሚያነሳው እሱ ነው። ይህን የማያደርግ ባለውሻ የብሎክ ኮሚቴ ላይ ቢያማርር አልሰማውም።

ወደ ምግቡ ልመለስ፤ ብዙ ጥፋት የሚሠራው እዚህ ነው።

እኛ አገር የውሻ ምግብ ማለት ከማዕድ የተረፈ ማለት ነው። እንጀራው በወጥ ርሶ፣ አጥንቱ ተጨምሮበት። ከደግነት ነው የሚደረገው። ግን የወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ለአንድ ዶሮ ሁለትና ሦስት ኪሎ የሚከትፍ ቤት አለ። ሽንኩርት ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው። ቀዩም ነጩም ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፣ ደሙን ያሳንሰዋል። መቀቀሉም መቁላላቱም መርዝነቱን አያጠፋውም። የሐኪሞቹ መለኪያ ከውሻው ክብደት 0.5 በመቶ በላይ የሆነ ሽንኩርት አደገኛ ነው የሚል ነው፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 100 ግራም ማለት ነው። አንድ ጭልፋ ዶሮ ወጥ ውስጥ ስንት ሽንኩርት እንደቀለጠ ሴቶቹ ያውቁታል። ጉዳቱም ያን ቀን አይታይም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ውሻው ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ሰውም «ምን ነካው? ዓይን በላው እንዴ?» ይላል።

የበሰለ የዶሮ አጥንትም እንዲሁ ነው። ጥሬው ይደቅቃል፤ የበሰለው ግን እንደ ስንጥር ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ዘቢብ፣ ቸኮሌት፣ የቡና አተላ ሦስቱም ለውሻ አይሆኑም። ቡና ሲፈላ መቻል ከረከቦቱ ራቅ ብሎ ይተኛል፤ የሚጠብቀው ፈንድሻውን ነው፣ አንድ ሁለት ፍሬ ይጣልለታል። በዚህ ጊዜ የውስጥ ቅንድቡን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ሲያይ ልብ ይበላል። ለዚህም የተለየ ጡንቻ አለው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት ውሻንና ተኩላን ሲያነጻጽር ቅንድብ የሚያነሳው ይህ ጡንቻ ውሻ ላይ የጎለበተ፣ ተኩላ ላይ ግን ከስንት አንዴ ብቻ የሚታይ ሆኖ አግኝቶታል። ከሰው ጋር በኖረባቸው ሺህ ዓመታት ያተረፈው የልመና መሣሪያ ነው። በእኛ ቤት በትክክል ይሠራል።

ሳንባው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በግም በሬም ሲታረድ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይገኛል፤ አራጅ ሁሉ ያውቀዋል፣ ቆርጦ ለውሻ ይጥለዋል። ያ ቋጠሮ የውሻ ኮሶ ትል እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሆነ አይታይም፣ ውሻውንም አያሳምመውም። እንቁላሉ ግን ከኩሱ ጋር ይወጣና ጠጉሩ ላይ፣ አፈሩ ላይ፣ የሚደባብሰው ልጅ እጅ ላይ ይቀራል። ሰው ከዋጠው ያው ቋጠሮ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከሉካንዳ የመጣው ሳንባ እኛ ቤት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይንተከተካል። መረቁ በድርቆሽ ወይም በሩዝ ላይ ይፈስሳል፤ ጨው የለው፣ በርበሬ የለው። ጠዋትና ማታ በሰዓቱ ይሰጠዋል፤ የትል መድኃኒቱንም በሐኪም ትእዛዝ ይወስዳል። የበዓል ዕለት ቤታችሁ የምታርዱ ከሆነ ውሃ የቋጠረውን ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባላል፤ በዚህ በኩል ግን ቀዳዳውን የምንከፍተው እኛው ነን።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ወደየሥራው ወደየትምህርት ቤቱ ይበተናል፤ መቻል ብቻውን ይቀራል። ጤነኛ ውሻ ከቀንና ከሌሊቱ ግማሽ ያህሉን ይተኛል፣ የሚነቃቃውም በአብዛኛው ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ስለዚህ ጠዋት የተንቀሳቀሰና የበላ ከሆነ ቀኑ አይከብደውም። የሚያላዝነው፣ በር የሚቧጥጠው፣ ጎረቤት የሚያሳብደው፣ ጠዋት ሳይወጣ የተቆለፈበት ነው። የሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የውሻ ጩኸት አጀንዳ ሆኖ ያውቃል። የተወቀሰው ውሻ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ የሚታሰር ነበር። ባለቤቱ ተነስተው «ውሻ አይጮህም ወይ ታዲያ?» አሉ። ይጮሃል። ግን በሁለት ካሬ በረንዳ ላይ ታስሮ መንገደኛ ሁሉ በሥሩ የሚያልፍበት ውሻ የሚጮኸው ፈርቶ ነው፤ ፈርቶ የሚጮህን ውሻ በዱላ ዝም ማሰኘት ፍርሃቱን መጨመር ነው።

ስለ ክፉ ውሻም ያለን ሐሳብ ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ሜይን ውስጥ ባር ሃርበር በሚባል ከተማ ለዓመታት ቡችሎችን ሲያጠኑ ቆይተው በ1965 (እ.ኤ.አ.) ውጤታቸውን አሳተሙ። ቡችላ ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ሰው ካላየ፣ ካልተነካካ፣ በኋላ ሰውን ይፈራል። ፈሪ ውሻ ይናከሳል። በዚያ ዕድሜው ከእናቱ ነጥለን በር ላይ የምናስረው ቡችላ ሲያድግ ክፉ ቢሆን የእጃችን ሥራ ነው። ልጆቹ ቱቦ ውስጥ እየገቡ እነመቻልን ያቅፉ የነበረው በትክክል በዚያ ዕድሜያቸው ነው፤ ሳያውቁት ጥሩ ሠሩ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የምድር ቤቷ ባለሱቅ ልጅ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ በማያውቀው ውሻ ተነከሰ፤ ባቱ ላይ ነው፣ ጥርሱ አራት ቦታ ገብቷል። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ውቀጡ አለ፤ አንዲት እናት «መድኃኒት የሚያውቅ ሰው አለ፣ ሳይመሽ ውሰጂው የኔ ልጅ» አሏት። የዚያን ቀን ውሃ የለም። ቢጫ ጀሪካን ከቤት አወረድን፤ የልብስ ሳሙና አምጥተን ሰዓት ይዘን ቁስሉን አጠብነው። ልጁ እየጮኸ፣ እናቱ «በቃ፣ ጠራኮ!» እያለች። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ደቂቃው ሳይሞላ ግን አይተውም። ሳሙና የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስን ሽፋን ያፈርሰዋል፣ ውሃው ያጥበዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከሁሉ በፊት የሚያዝዘው ይህንን ነው። ከዚያ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን ክንዱ ላይ ጀመረ፤ በቀጠሮው እየተመላለሰ ጨረሰ።

የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ ገብቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይወስድበታል፤ አንዳንዴ ከዚያ ያጥራል፣ አንዳንዴ ዓመት ይደርሳል። ምልክቱ ከታየ ወዲያ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ያ የጉዞ ጊዜ ነው ክትባቱ የሚቀድምበት። ያ ጊዜ ነው ደግሞ ብዙ ሰው በባህል መድኃኒት የሚያባክነው። የነከሰው ውሻ ሁሉ ያበደ ስላልሆነ ከተነከሱት ብዙዎቹ ምንም ሳይሆኑ ይቀራሉ፤ ምስጋናው ግን ለሥሩና ለቅጠሉ ይሰጣል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ከሟቾቹ መካከል ብዙ ሕጻናት አሉ።

አዲስ አበባ ከዚህ በሽታ ጋር ያላት ትውውቅ ረጅም ነው፤ በ1895 ዓ.ም. (1903 እ.ኤ.አ.) ከተማዋ ገና በወጣትነቷ ወረርሽኝ ገብቶባት እንደነበር ተመዝግቧል። ጉለሌ ያለውን የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሰው ዛሬም «ፓስተር» ይለዋል። በ1885 (እ.ኤ.አ.) ሐምሌ ወር ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን በውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በክትባት ያዳነው የሉዊ ፓስተር ስም ነው። እዚያ ይሠራ የነበረው የድሮው ክትባት ከእንስሳ አንጎል የሚዘጋጅ ሆኖ በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ ነበር፤ እናቶቻችን ልጅ የሚያስፈራሩበት ያ መርፌ ነው። አሁን እንዲያ የለም። ፓስተር የሞተበት ቀን የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን ተብሎ በዓለም ይታሰባል፤ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ይውላል።

በሽታውን ለማጥፋት የሚያስፈልገው ቁጥር ይታወቃል፤ ከውሾቹ 70 በመቶ ከተከተቡ በውሾች መካከል ያለው መተላለፍ ይቋረጣል። ከተሞቻችን በየጊዜው የሚሞክሩት በመርዝ ሥጋ መግደል ግን አያቋርጠውም። የተገደሉት በለቀቁት ሰፈርና ገንዳ ሌሎች ይገባሉ፣ ያልተከተቡ ቡችሎች ቦታውን ይሞሉታል፤ የተከተበውም በመርዙ አብሮ ይሞታል። ጎረቤቴ ማታ የለቀቀው፣ የክትባት ካርድ ያለው ውሻ እንዲህ ሞቶ አይቻለሁ። ከከተማ ውጭም የበሽታው ዋጋ ይከፈላል። ባሌ ተራሮች ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሰው ከ500 አይበልጥም፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 (እ.ኤ.አ.) ከእረኞች ውሾች የተጋባው ይኸው በሽታ በባሌ ክፉኛ አመናምኖት ነበር። በፓርኩ ዙሪያ ያሉ የገበሬ ውሾች የሚከተቡት ለእሱም ሲባል ነው።

ውሻ በቡችላነቱ የሚከተብለት ሌላው በሽታ ዲስቴምፐር ነው፤ ያስለዋል፣ ዓይኑን ያስለቅሰዋል፣ ኋላ ያንቀጠቅጠዋል። ከመቻል ወንድሞች ሁለቱ በዚህ ዓይነት ሕመም ሞተዋል። በሽታው ጥንታዊ ነው፤ በ1914 (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ቦን አጠገብ ኦበርካሰል በሚባል ቦታ የተገኘ 14 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው መቃብር አለ፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴትና አንድ ቡችላ አብረው ተቀብረውበታል። ጥርሱ ሲመረመር ቡችላው በዲስቴምፐር ሳይያዝ እንዳልቀረና ለሳምንታት እየታመመ እንደቆየ ታወቀ። ሰው ባያሞቀው፣ ባያበላው፣ ያን ያህል አይቆይም ነበር። ለምንም ሥራ የማይሆንን የታመመ ቡችላ ያስታመሙት ሰዎች ክትባት አልነበራቸውም። እኛ አለን፤ ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከ1979 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሐኪም ሲያሠለጥን ኖሯል።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መቻል ለመጨረሻ ጊዜ ይወርዳል። ወደ ኮረብታው በኩል ጅብ የሚጮህ ከሆነ ከብሎኩ ጥግ አያልፍም፤ እኔም አልጎትተውም፣ ጅብ የሰፈራችንን ውሻ የበላባቸው ሌሊቶች አሉና። በክረምት ሲያንጎደጉድና የአዲስ ዓመት ርችት ሲተኮስ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ይቆያል። አናወጣውም። በሩን ገርበብ አድርገን እንተወዋለን።

ለልጃችሁ ቡችላ ልታመጡ ያሰባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ማን በየማለዳው እንደሚያወጣው ተነጋገሩ፤ የሚያወጣው ከሌለ ይቅርባችሁ። ካመጣችሁት ግን ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ ክትባቱን አስከትቡት፣ ሐኪሙ በሚላችሁ ጊዜ በየዓመቱ አሳድሱ፣ ካርዱን ከቤተሰቡ ወረቀቶች ጋር አስቀምጡት። በር ላይ የታሰረውንም ቢሆን።